የሱቁ ካዝና ስልክ ውስጥ ሲገባ
ነጋዴው ስለ ሞባይሉ ሊያውቀው የሚገባ ጥንቃቄ

የመርካቶ ነጋዴ ብር ሲቀበል ዓይኑም ጣቱም ይሠራሉ፡፡ ባለ 200 ብር ኖት ሲሰጠው ወደ ብርሃን ያነሣዋል፣ በጣቱ ይዳብሰዋል፣ ከጠረጠረም ለጎረቤት ሱቅ ያሳየዋል፡፡ ይህን ማንም በትምህርት ቤት አላስተማረውም፤ ያስተማረው ገበያው ራሱ ነው፡፡ ይኸው ሰው ግን በሞባይሉ ላይ «ወደ ሂሳብዎ ገንዘብ ገብቷል» የሚል መልእክት ሲደርሰው፣ አሃዙን እንኳ በቅጡ ሳያነብ ዕቃውን አስጭኖ ደንበኛውን በምርቃት ይሸኛል፡፡ በወረቀት ገንዘብ ላይ የተለመደው ጥንቃቄ በስልክ ገንዘብ ላይ ገና ሥር አልሰደደም ማለት ነው፡፡

የወረቀቱም የስልኩም ገንዘብ መልክ የተለወጠው በአንድ ዓመት ውስጥ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፡፡ አዲሶቹ የብር ኖቶች፣ ባለ 200 ብሩን ጨምሮ፣ ይፋ የተደረጉት መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፡፡ በዚያው ዓመት ግንቦት 3 ቀን ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም የቴሌብር አገልግሎትን ጀመረ፡፡ በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በኤምፔሳ ተከተለ፡፡ ባንኮችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የሞባይል አገልግሎት ይዘው ወደ ገበያው ገብተዋል፡፡

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ሲጀምር ጥቂት ሰዎች ወገባቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የመነጋገሪያ ዕቃ ነበር፡፡ ያን ጊዜ ስልክ የተሰረቀበት ሰው ያጣው የዕቃውን ዋጋ ነው፡፡ ዛሬ ግን ስልኩ የዕለት ሽያጩ መግቢያ፣ የአስመጪው ክፍያ መውጫ፣ የዕቁቡ መላኪያ፣ የደንበኞች ስም መዝገብ ሆኗል፡፡ ስልኩ የጠፋበት ነጋዴ የሚያጣው ስልኩን ብቻ አይደለም፤ ካዝናውን ጭምር ሊሆን ይችላል፡፡ ስለሆነም የሞባይል አያያዝ ለነጋዴው እንደ ሚዛንና እንደ መዝገብ አያያዝ ሁሉ የሙያው አንድ ክፍል ነው፡፡

መልእክት ገንዘብ አይደለም

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ ወደ ስልክ የሚመጣው አጭር የጽሑፍ መልእክት ገንዘብ ያለመሆኑ ነው፡፡ መልእክቱ ወሬ ነው፤ ገንዘቡ ያለው በባንኩ ወይም በድርጅቱ መዝገብ ላይ ነው፡፡ ወሬው እውነት ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፡፡

አጭር መልእክት ሲፈጠር ለገንዘብ ሥራ ታስቦ አልነበረም፡፡ የመጀመሪያው መልእክት እንግሊዝ አገር ውስጥ ኅዳር 24 ቀን 1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1992) ሲላክ ይዘቱ የገና መልካም ምኞት ብቻ ነበር፡፡ ለሰላምታና ለማስታወሻ የተሠራ መንገድ ኋላ ላይ የገንዘብ ማሳወቂያ ሆነ፡፡ በመሆኑም ላኪው ማን እንደሆነ በርግጠኝነት የሚያሳይ ጠንካራ መቆለፊያ የለውም፡፡ በላኪው ቦታ ላይ የሚታየው ስም መልእክቱን በሚልከው ሥርዓት የሚሞላ በመሆኑ፣ አጭበርባሪ ሐሰተኛ ስም ሞልቶ ሊልክ ይችላል፡፡ እንዲህ ዓይነቱ መልእክት ከትክክለኛዎቹ የባንክ መልእክቶች ጋር በአንድ ረድፍ ተደርድሮ ሊታይም ይችላል፡፡

አብዛኛው ማጭበርበር ግን ይህን ያህል እንኳ ዕውቀት አይጠይቅም፡፡ የሚሠራባቸው መንገዶች የሚከተሉት ናቸው፡፡

አንደኛው፣ ትክክለኛ መልእክት ተቀድቶ፣ የገንዘቡ መጠንና ቀኑ ተለውጦ ከተራ የስልክ ቁጥር ይላካል፡፡ ሻጩ ጽሑፉን እንጂ የላኪውን ቁጥር አያይም፡፡

ሁለተኛው፣ ገዢው በራሱ ስልክ ላይ «ይኸው ልኬያለሁ» ብሎ ስክሪንሹት ያሳያል፡፡ ሥዕል ደግሞ እንደፈለጉ የሚያስተካክሉት ነገር ነው፡፡ ሐሰተኛ ደረሰኝ አስመስለው የሚያወጡ መተግበሪያዎችም አሉ፡፡

ሦስተኛው፣ ደረሰኙ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ያረጀ ይሆናል፡፡ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዝውውር ኤፍ ቲ በሚሉ ፊደላት የሚጀምር የመለያ ቁጥር አለው፡፡ ጠዋት በአንድ ሱቅ የተከፈለበት ደረሰኝ ከሰዓት በኋላ በዚያው ሱቅ ለሌላ ሠራተኛ ሊቀርብ ይችላል፡፡ የመለያ ቁጥሩን የሚመዘግብ ሱቅ ይህን ወዲያውኑ ይይዛል፡፡

አራተኛው፣ ገንዘቡ በእርግጥ ይላካል፤ መጠኑ ግን ያንሳል፡፡ 85,000 ብር የሚጠበቅበት ሰው 8,500 ብር ይልካል፡፡ መልእክቱ የመጣው ከትክክለኛው ባንክ ስለሆነ ሻጩ አንድ ዜሮ መጉደሉን በጥድፊያ መሐል አያስተውልም፡፡

ለአራቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፡፡ ሻጩ መልእክቱንም የገዢውንም ስልክ ትቶ የራሱን ሂሳብ በራሱ እጅ ከፍቶ ማየት አለበት፡፡ የቴሌብር ተጠቃሚ መተግበሪያውን ይከፍታል ወይም *127# ይደውላል፤ የንግድ ባንክ ደንበኛ መተግበሪያውን ይከፍታል ወይም *889# ይጠቀማል፡፡ ከሽያጩ በፊት የነበረው ቀሪ ሂሳብና አሁን ያለው ቀሪ ሂሳብ ልዩነቱ ከዕቃው ዋጋ ጋር እኩል ከሆነ ገንዘቡ ገብቷል፡፡ ካልሆነ አልገባም፡፡

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ምክንያት ይነሣል፡፡ «ኔትወርክ ተጨናንቆ ነው እንጂ ልኬያለሁ» ይባላል፡፡ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ኔትወርክ ይጨናነቃል፡፡ ይሁን እንጂ የኔትወርኩን መዘግየት ሻጩ በዕቃው የሚሸከምበት ምክንያት የለም፡፡ ገንዘቡ እስኪታይ ዕቃው ቢቆይ ሐቀኛው ገዢ የሚያጣው ጥቂት ደቂቃ ነው፡፡ ዕቃው አስቀድሞ ከወጣ ግን ሻጩ የሚያጣው የሳምንት ትርፍ ሊሆን ይችላል፡፡ በተለይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና በበዓል ዋዜማ፣ ሱቁ ሰው በሰው ሲሆን፣ ይህን ሕግ ለማንም አለማላላት ይገባል፡፡

ለመቀበል ምሥጢር አይጠየቅም

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ምሥጢር ቁጥር ነው፡፡ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚቀመጠውን ሙዳየ ምጽዋት ማሰብ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል፡፡ ሳንቲም ለማስገባት ቁልፍ አያስፈልግም፤ አላፊ አግዳሚው በቀዳዳው ይጥላል፡፡ ቁልፍ የሚያስፈልገው ለማውጣት ብቻ ነው፡፡ የሞባይል ገንዘብም እንዲሁ ነው፡፡ አንድ ሰው ለነጋዴው ገንዘብ ሊልክለት ከፈለገ የሚያስፈልገው የስልክ ወይም የሂሳብ ቁጥሩ ብቻ ነው፡፡ ቁጥሩ ደግሞ የሱቁ ታፔላ ላይ ተጽፎ ያለ፣ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው፡፡ የምሥጢር ቁጥር ወይም የማረጋገጫ ኮድ የጠየቀ ሰው ግን ሊያስገባ ሳይሆን ሊያወጣ የመጣ ነው፡፡ ይህን አንድ ሐሳብ የያዘ ነጋዴ ከብዙው ማጭበርበር ይድናል፡፡

አጭበርባሪው ሲደውል አነጋገሩ ጨዋ ነው፡፡ «ጤና ይስጥልኝ፣ የምንደውለው ከአገልግሎት ማዕከል ነው፡፡ በእርስዎ ቁጥር ሽልማት ወጥቷል» ይላል፡፡ ወይም «ሂሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ መረጃዎን እናድስልዎ» ይላል፡፡ ስማቸውን ያውቃል፣ አንዳንዴም የሱቃቸውን ስም ይጠራል፡፡ ከዚያም «አሁን ስልክዎ ላይ ስድስት አሃዝ ያለው ቁጥር ይመጣል፤ እሱን ያንብቡልኝ» ይላል፡፡

በዚያች ደቂቃ የሚሆነው ይህ ነው፡፡ ደዋዩ በሌላ ስልክ ላይ የባንኩን ወይም የቴሌብሩን መተግበሪያ ከፍቶ የነጋዴውን ቁጥር አስገብቷል፡፡ ሥርዓቱም «ይህ ሰው የቁጥሩ ባለቤት ነውን?» ብሎ ለማረጋገጥ ወደ እውነተኛው ባለቤት ስልክ ኮድ ይልካል፡፡ ደዋዩ የሚጎድለው ያ ኮድ ብቻ ነው፡፡ ነጋዴው ያነበበለት እንደሆነ፣ «የዚህ ሂሳብ ባለቤት እሱ ነው» ብሎ እንደመሰከረለት ይቆጠራል፡፡ የባንክም ሆነ የቴሌኮም ሠራተኛ የደንበኛን የምሥጢር ቁጥር ወይም ኮድ በስልክ አይጠይቅም፤ ለሥራው አያስፈልገውምና፡፡ ጥርጣሬ ያደረበት ሰው ስልኩን ዘግቶ፣ ራሱ ወደሚያውቀው የባንኩ ቁጥር መልሶ ይደውል፡፡ ደዋዩ በሰጠው ቁጥር መደወል ግን ዋጋ የለውም፡፡

የምሥጢር ቁጥሩ አመራረጥም ሊታሰብበት ይገባል፡፡ ባለ 4 አሃዝ ቁጥር 10,000 ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ባለ 6 አሃዝ ደግሞ 1,000,000 ዓይነት፡፡ ይህ ብዛት የሚጠቅመው ግን ቁጥሩ በቀላሉ የማይገመት ሲሆን ነው፡፡ 123456፣ የትውልድ ዓመት፣ የስልኩ የመጨረሻ አሃዞች፣ የመኪና ሰሌዳ ቁጥር ሌባ አስቀድሞ የሚሞክራቸው ናቸው፡፡ ለስልኩ መክፈቻና ለገንዘቡ አንድ ዓይነት ቁጥር ማድረግም ስህተት ነው፡፡ የስልኩን መክፈቻ ልጅም ያውቀዋል፣ ሠራተኛም ያየዋል፤ የገንዘቡን ግን ባለቤቱ ብቻ ሊያውቀው ይገባል፡፡

«ተሳስቼ ልኬብዎታለሁ»

ሦስተኛው ወጥመድ በነጋዴው ሐቀኝነት ላይ የሚጠመድ በመሆኑ የከፋ ነው፡፡ መጀመሪያ «ገንዘብ ገብቷል» የሚል መልእክት ይደርሳል፡፡ ጥቂት ቆይቶ የሚያለቅስ ድምፅ ይደውላል፡፡ «ወንድሜ፣ ለታመመች እናቴ መድኃኒት መግዣ ልልክ ብዬ አንድ ቁጥር ተሳሳትኩ፡፡ እባክዎን ይመልሱልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል፡፡ የሰው ገንዘብ መብላት ነውር ነውና ነጋዴው ፈጥኖ ይመልሳል፡፡ በኋላ ሂሳቡን ሲያይ የገባ ነገር የለም፤ የወጣው ግን የራሱ ነው፡፡

ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ከሆነስ? ያን ጊዜም ቢሆን በራስ ፈቃድ ወደተነገረው ቁጥር መላክ አይገባም፡፡ ገንዘቡ ከሌላ ሰው ሂሳብ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፡፡ ሌባው በነጋዴው ሂሳብ በኩል አሳልፎ ወደ ሌላ ቁጥር ካስላከው፣ ዱካው የሚያመለክተው ወደ ነጋዴው ነው፡፡ ትክክለኛው መንገድ ደዋዩን «ወደላክህበት ድርጅት አመልክት፤ እኔም ለድርጅቱ አሳውቃለሁ» ብሎ ማሰናበት ነው፡፡ ድርጅቱ ከመዝገቡ አይቶ፣ ባለቤቱን ለይቶ ይመልሳል፡፡ እንዲህ ማድረግ ጭካኔ አይደለም፤ የሰውን ገንዘብ ለትክክለኛው ባለቤት ማድረስ ነው፡፡

ስልኩ ተቆልፎ ሲሙ ክፍት

ብዙ ሰው ስልኩን በጣት አሻራ ወይም በቁጥር ከቆለፈ የተጠበቀ ይመስለዋል፡፡ ከታክሲ ተራ ላይ ስልኩን ነጥቆ የሮጠ ሌባ ግን መቆለፊያውን ለመስበር ላይደክም ይችላል፡፡ ሲም ካርዱን በመርፌ አውጥቶ በራሱ ስልክ ላይ ይሰካዋል፡፡ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለነጋዴው የሚመጣው ጥሪ፣ መልእክትና የማረጋገጫ ኮድ ሁሉ ወደ ሌባው ይሄዳል፡፡ በኮዱም የተረሳ የይለፍ ቃል ማስለወጥ፣ ቴሌግራም መክፈት፣ ሌላም ሌላም ለማድረግ ይሞክራል፡፡

ይህን የሚከላከለው የሲም ካርዱ የራሱ መቆለፊያ ነው፡፡ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ከተከፈተ በኋላ ስልኩ በጠፋና በበራ ቁጥር፣ ሲሙም ወደ ሌላ ስልክ በተዛወረ ቁጥር የምሥጢር ቁጥር ይጠይቃል፡፡ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ይዘጋል፤ ለመክፈትም 8 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ያስፈልጋል፡፡ ያም አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ከናካቴው ከጥቅም ውጪ ይሆናል፡፡ ስለዚህ መቆለፊያውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍት ሰው የሲሙን የመነሻ ቁጥር አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ በግምት መሞከር የለበትም፡፡ ቁጥሩ ሲሙ ተነቅሎ በወጣበት ፕላስቲክ ካርድ ላይ የሚጻፍ ነው፡፡ ካርዱ ከጠፋ ከቴሌኮም ድርጅቱ መጠየቅ ይሻላል፡፡

ሌላው ትንሽ የሚመስል ነገር፣ ስልኩ ተቆልፎ እያለ የመልእክቶች ጽሑፍ በመስታወቱ ላይ መታየቱ ነው፡፡ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ ኮድ ሲመጣለት አጠገቡ የቆመ ሁሉ ያነበዋል፡፡ ይህም በማስተካከያው ውስጥ ሊዘጋ ይችላል፡፡

ቁጥሩ የማን ነው?

በገበያው ውስጥ ብዙ የሱቅ ስልኮች የተመዘገቡት በባለሱቁ ስም አይደለም፡፡ አንዱ ከዓመታት በፊት በሠራተኛው መታወቂያ የወጣ ነው፡፡ ሌላው በወንድም ስም፣ ሌላው ከደላላ የተገዛ ነው፡፡ ደህና ቀን ሲሆን ይህ ችግር አያመጣም፡፡ ችግሩ የሚታየው ሲሙ የጠፋ ወይም የተሰረቀ ዕለት ነው፡፡ መተኪያ ሲም የሚሰጠው መታወቂያው በመዝገብ ላይ ላለው ሰው ነውና፡፡ ከሥራው ተጣልቶ የሄደ ሠራተኛ፣ ቁጥሩ በስሙ ከሆነ፣ በሕጋዊ መታወቂያው ቀርቦ የሱቁን ቁጥር ሊወስድ ይችላል ማለት ነው፡፡ ከቁጥሩ ጋር የተያያዘው ገንዘብና የደንበኛ ጥሪም አብሮ ይሄዳል፡፡

ስለሆነም ነጋዴው ከሥራው ጋር የተያያዙ ቁጥሮችን በሙሉ በራሱ ወይም በድርጅቱ ስም ማዛወር አለበት፡፡ ማዛወሩ ሁለቱ ወገኖች በሰላም እያሉ ቢፈጸም ይቀላል፡፡ ከተጣሉ በኋላ ግን ነገሩ ሽማግሌ ወይም ፍርድ ቤት ይጠይቃል፡፡

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የመተኪያ ሲም ማጭበርበር ነው፡፡ አጭበርባሪው ሐሰተኛ መታወቂያ ወይም ውክልና ይዞ «ሲሜ ጠፋ» በማለት በነጋዴው ቁጥር አዲስ ሲም ለማውጣት ይሞክራል፡፡ አዲሱ ሲም ሥራ ሲጀምር በነጋዴው እጅ ያለው አሮጌው ይሞታል፡፡ ምልክቱም ይኸው ነው፦ የጎረቤቱ ስልክ በደንብ እየሠራ የነጋዴው ስልክ ብቻ በድንገት ኔትወርክ ያጣል፡፡ ይህ ሲሆን «ነገ ይስተካከላል» ብሎ መተኛት አይገባም፡፡ በሌላ ሰው ስልክ ወዲያው ባንኩ ጋ መደወል፣ ቀጥሎም ወደ ቴሌኮም መሥሪያ ቤቱ መሄድ ያስፈልጋል፡፡

የማይሠራበት ቁጥርም ሊታሰብበት ይገባል፡፡ ለረጅም ጊዜ የተተወ ቁጥር ተመልሶ ለሌላ ደንበኛ ሊሸጥ ይችላል፡፡ ቁጥር የሚተው ሰው አስቀድሞ ከባንክ ሂሳቡና ከቴሌግራሙ ማላቀቅ አለበት፡፡

ቴሌግራምና የነጋዴው ስም

አስመጪው አዲስ የገባውን ዕቃ ፎቶ የሚለጥፈው፣ የክፍለ ሀገር ደንበኛ የሚያዘው በቴሌግራም ሆኗል፡፡ የነጋዴው ቴሌግራም በሌላ ሰው እጅ ከገባ የሚሰረቀው ገንዘብ ሳይሆን ስሙ ነው፡፡ ሌባው በነጋዴው ስምና ፎቶ ለሐዋሳና ለባሕር ዳር ደንበኞች «የሂሳብ ቁጥር ለውጫለሁ፤ ክፍያውን በዚህ ላኩ» ብሎ ይጽፋል፡፡ በዐረብ አገር ወይም በአሜሪካ ላሉ ዘመዶችም «ቸገረኝ» ብሎ ይልካል፡፡ እነሱም የሚያውቁትን ስም አምነው ይልካሉ፡፡

ለዚህ መከላከያው በቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ የሚገኘው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ነው፡፡ እሱን ያበጀ ሰው፣ የሚላከው ኮድ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ እንኳ ተጨማሪ የይለፍ ቃል ስለሚጠየቅ አይደፈርም፡፡ እዚያው የትኞቹ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች በዚያ ስም ክፍት እንደሆኑ የሚያሳይ ዝርዝር አለ፤ የማይታወቅ ከተገኘ ወዲያው መዝጋት ይቻላል፡፡ ገንዘብ የሚልኩ ደንበኞች ደግሞ አንድ ልማድ ቢያዳብሩ ይጠቀማሉ፡፡ የሂሳብ ቁጥር ተለውጧል የሚል ጽሑፍ ሲደርሳቸው ደውለው የሰውየውን ድምፅ ሳይሰሙ አይላኩ፡፡

በቴሌግራም የሚላክ መተግበሪያም አለ፡፡ «ይህን ጫን፣ ብድር ታገኛለህ» ወይም «ይህ አዲሱ የባንክ አፕ ነው» ይባላል፡፡ የገንዘብ መተግበሪያ መጫን ያለበት ከስልኩ መደበኛ የመተግበሪያ መደብር ብቻ ነው፡፡ ከውጭ የመጣ ፋይል የስልኩን መልእክት የሚያነብ፣ በባለቤቱም ፈንታ የሚነካካ ሊሆን ይችላል፡፡

ስልኩን የሚይዘው ሠራተኛ

ብዙ ባለሱቆች ገበያ ሲወጡ ስልካቸውን ከነምሥጢር ቁጥሩ ለሠራተኛ ይተዋሉ፡፡ ይህ ሠራተኛውንም ይጎዳል፡፡ ገንዘብ ከጎደለ፣ ያልወሰደው ሠራተኛም ቢሆን ተጠርጣሪ ይሆናል፤ ንጹሕነቱንም የሚያስረዳበት መንገድ የለውም፡፡ የተሻለው መንገድ የሱቁን መቀበያ ከባለቤቱ የግል ሂሳብ መለየት ነው፡፡ ለነጋዴዎች የተዘጋጀው ሂሳብ የራሱ መለያ ቁጥርና በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ኪው አር ኮድ አለው፡፡ በሱቁ የሚቀመጠው ስልክ ገቢውን ማየት ይችል፤ ወጪው ግን በባለቤቱ እጅ ይሁን፡፡

የተለጠፈውንም ኮድ ጠዋት ጠዋት ማየት አይከፋም፡፡ በላዩ ላይ የሌላ ሰው ኮድ የተለጠፈበት እንደሆነ ገዢው በሐቅ ይከፍላል፤ ገንዘቡ ግን ሌላ ቤት ይገባል፡፡ ገዢዎችም ከመክፈላቸው በፊት በስልካቸው ላይ የሚወጣውን የተቀባይ ስም ጮክ ብለው እንዲያነቡ መጠየቅ ቀላል ዘዴ ነው፡፡

ስልክ የጠፋ ዕለት

ስልክ ሲጠፋ ሰው በመጀመሪያ የሚሮጠው ሌባውን ፍለጋ ነው፡፡ ይሁን እንጂ የመጀመሪያዋ ሰዓት መዋል ያለባት ገንዘቡን በመዝጋት ነው፡፡ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፡፡

1ኛ/ በጎረቤት ስልክ የገንዘብ ሂሳቦቹን ማዘጋት፡፡ ለቴሌብር 127፣ ለንግድ ባንክ 951 ይደወላል፤ ሌሎችም ባንኮች የየራሳቸው አጭር ቁጥር አላቸው፡፡

2ኛ/ ሲሙን ማዘጋት፡፡ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለሳፋሪኮም 700 ነው፡፡

3ኛ/ በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ክፍት ሆኖ ባለው ቴሌግራም ገብቶ የጠፋውን ስልክ ማስወጣት፤ ለዋና ዋና ደንበኞችም ማሳወቅ፡፡

4ኛ/ ለፖሊስ ማመልከት፡፡ በዚህ ጊዜ የስልኩ መለያ ቁጥር ይጠየቃል፡፡ ይህ 15 አሃዝ ያለው ቁጥር *#06# ሲደወል ይወጣል፤ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት ቁጥር አለው፡፡ ስልኩ ከጠፋ በኋላ ግን መደወል ስለማይቻል ዛሬውኑ በወረቀት መጻፍ አለበት፡፡

ገንዘብ ከተጭበረበረ ደግሞ መልእክቶቹን በንዴት ማጥፋት አይገባም፡፡ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ሥርዓት መግባትንና በኮምፒዩተር የሚፈጸም ማታለልን በወንጀል ያስቀጣል፡፡ ክስ የሚቆመው ግን በማስረጃ ነው፡፡ የደዋዩ ቁጥር፣ የመጣው መልእክት፣ የዝውውሩ መለያ ቁጥርና ሰዓቱ ሁሉ ተጠብቀው ለባንኩና ለፖሊስ መቅረብ አለባቸው፡፡ በዚህ ላይ መዘግየት ይጎዳል፤ ገንዘቡ ከተላከበት ሂሳብ ወጥቶ ካለቀ ለማገድ አዳጋች ይሆናልና፡፡

የማታ ሂሳብ

ከሁሉም በላይ ነጋዴውን የሚጠብቀው የቆየ ልማዱ ነው፤ ማታ ሂሳብ መዝጋት፡፡ በመሳቢያ ያለው ብር እንደሚቆጠር ሁሉ በስልክ የገባውም ሊቆጠር ይገባል፡፡ በሱቁ መዝገብ ላይ በስልክ ተከፈለ ተብሎ የተጻፈውን ሽያጭ በመተግበሪያው ውስጥ ካለው የዝውውር ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ነው፡፡ በመዝገቡ ኖሮ በዝርዝሩ የሌለ ሽያጭ፣ ሐሰተኛ መልእክት የታመነበት ሊሆን ይችላል፡፡ በዝርዝሩ ኖሮ በመዝገቡ የሌለ ገቢ ደግሞ ሳይመዘገብ የወጣ ዕቃ ወይም በእርግጥ በስህተት የተላከ የሰው ገንዘብ ነው፡፡

ይህ ሥራ ለአንድ መካከለኛ ሱቅ ረጅም ጊዜ የሚወስድ አይደለም፡፡ በየዕለቱ ከተሠራ ጉድለቱ ገዢው መልኩ ሳይረሳ፣ የጫነው መኪናም ሩቅ ሳይሄድ ይታወቃል፡፡ በወር አንድ ጊዜ ከሆነ ግን የሚቀረው ጉድለቱን መቁጠር ብቻ ነው፡፡ ዛሬ ማታ ሱቁን የሚዘጋ ነጋዴ ከመቆለፉ በፊት ሦስት ነገር ቢያደርግ ጅምሩ ያምራል፤ የስልኩን መለያ ቁጥርና የባንኮቹን አጭር ቁጥሮች በመዝገቡ ጀርባ ይጻፍ፣ የሲሙን መቆለፊያ የመነሻ ቁጥር ይፈልግ፣ የሱቁ ቁጥር በማን ስም እንደተመዘገበ ይጠይቅ፡፡ የምሥጢር ቁጥሩን ግን በመዝገቡም ላይ ቢሆን አይጻፍ፡፡